ማኔጅመንትን ከቁጥር የሸሸ ተማሪ መጠጊያ አናድርገው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ዲፓርትመንት የሚመርጡበት ጊዜ ሲደርስ አንድ ምክር ከዶርም ዶርም፣ ከቴሌግራም ቴሌግራም ይዞራል፤ «ሒሳብ ካስቸገረህ ማኔጅመንት ግባ»። እነዚያው ተማሪዎች ተመርቀው ሥራ ፍለጋ ሲወጡ ደግሞ በየጋዜጣውና በየሬዲዮው ሌላ አባባል ይሰማል፤ «ማኔጅመንት የተማረ ሰው ሁሉንም በጥቂቱ ነው የሚያውቀው፣ ምን ላይ ይመደባል?»። እኛ ይህን ትምህርት ስናስተምር የኖርን ሰዎች ነን፤ ሁለተኛው ወቀሳ የሚመጣው ከመጀመሪያው ምክር ነው ብለን እናምናለን። የትምህርቱ ስፋት ጉድለት አይደለም። ጉድለቱ ከቁጥር፣ ከሕግና ከሰነድ ተራቁቶ በትርጓሜ ሽምደዳ መሰጠቱና መወሰዱ ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የአራት ዓመት ሥርዓት ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ትምህርቶች ያሳልፋል። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ከዚያም የማኅበራዊ ሳይንስ ሒሳብ። ዲፓርትመንት ሲገባ የሚጠብቁት አካውንቲንግ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኮስት አካውንቲንግ፣ ፋይናንሺያል ማኔጅመንት፣ ኦፕሬሽንስ ማኔጅመንትና ኦፕሬሽንስ ሪሰርች (የሥራ ውሳኔን በሒሳብ ቀመር የሚያጠናው ኮርስ) ናቸው። ከቁጥር እሸሻለሁ ብሎ የገባ ልጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ዴቢትና ክሬዲት ሲገጥመው ይደናገጣል፤ ሲ ይዞ ማለፍ ግብ ይሆንበታል፤ ከእነዚህ ኮርሶች የሚተርፈውን ጉልበት የአመራር ዓይነቶችንና የሥነ ልቦና ሊቁ ማስሎ የዘረዘራቸውን የሰው ፍላጎቶች ደረጃ በመሸምደድ ይጨርሳል። ሥራ ቦታ ግን የማስሎን ደረጃ ዘርዝር የሚለው አለቃ የለም፤ ፔሮል፣ ማለትም የሠራተኞች የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ ሥራ የሚለው ግን አለ።

እስቲ ፔሮሉን እንየው። መነሻ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ አለ እንበል። በወሩ ውስጥ በሥራ ቀናት፣ በቀኑ ክፍለ ጊዜ 6 ሰዓት ትርፍ ሠርቷል። በሳምንት 48 ሰዓት መደበኛ ሥራ ካለ ወሩ 208 ሰዓት ይሆናል፤ 48 በ52 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል የሚገኘው ነው። 12,000 ለ208 ሲካፈል የሰዓቱ ክፍያ 57.69 ብር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፤ ስለዚህ ትርፍ ሰዓቱ 519.23 ብር፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ደግሞ 12,519.23 ብር ይሆናል። ከ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ10,001 እስከ 14,000 ብር ያለው እርከን 30 በመቶ ሲሆን ከተሰላው ላይ 1,350 ብር ይቀነሳል፤ ግብሩ 2,405.77 ብር። ጡረታው ግን የሚሰላው ከመነሻ ደመወዙ ብቻ ስለሆነ 7 በመቶው 840 ብር ነው። ሠራተኛው እጁ የሚገባው 9,273.46 ብር። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር የጡረታ መዋጮ ይጨምራል።

ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ትርፍ ሰዓቱን ደምረው ጡረታውን ከጠቅላላው ላይ ያሰላሉ፤ 876.35 ብር ይወጣና ከሠራተኛው 36 ብር ያለአግባብ ይቆረጣል። ወይም የአሠሪውን 11 በመቶ ከሠራተኛው ላይ ይቀንሳሉ። ከሁሉም የሚከፋው ግን ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሠንጠረዡ ያረጀ ሲሆን ነው። በቀድሞው ሠንጠረዥ ከ10,900 ብር በላይ ያለ ደመወዝ 35 በመቶ ተሰልቶ 1,500 ብር ነበር የሚቀነሰው። ያለ ትርፍ ሰዓት የ12,000 ብር ደመወዝ ግብር በድሮው 2,700፣ በአዲሱ 2,250 ብር ነው። ያረጀ ሃንድአውት ይዞ የተመረቀ ልጅ ከአንድ ሠራተኛ በየወሩ 450 ብር አላግባብ ይቆርጣል ማለት ነው።

ይህ የሃንድአውት ነገር መምህራኑን፣ እኛንም ጨምሮ፣ በቀጥታ የሚመለከት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። ተራ የሽርክና ማኅበር ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርና ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ገብተዋል። ዛሬም ግን ስድስቱን የድሮ ማኅበራት ዘርዝሩ የሚል ጥያቄ የያዘ ፎቶ ኮፒ በየካምፓሱ በር ላይ ይሸጣል። የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነው የሚል፣ የቀን ትርፍ ሰዓትን በ1.25 የሚያባዛ የሰው ሀብት አስተዳደር ማስታወሻም እንዲሁ አለ፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ የሚለው 60 የሥራ ቀንና 1.5 ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኢንተርናሽናል ቢዝነስን በድሮው የተመን አገዛዝ ማስተማር ተማሪውን ወደሌለ አገር መላክ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ መምህሩ ኮርሱ የሚጠቅሳቸውን አዋጆች ቁጥርና ዓመት በአንድ ገጽ ጽፎ ለተማሪው ይስጥ፤ ዲፓርትመንቱም ያንን ገጽ ሳያይ የኮርስ አውትላይን አያጽድቅ። ተማሪውም ሃንድአውቱ ላይ ሕግ ሲጠቀስ ካየ አዋጁ አሁንም ይሠራ እንደሆነ ነጋሪት ጋዜጣውን አውጥቶ ይይ።

ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ብዙ ተማሪ የሚፈራው ኮርስ ነው፤ ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ ለአገራችን ሥራ የሚጠቅም ነው። አንድ መስኮት ያለው የባንክ ቅርንጫፍ በሰዓት 18 ደንበኛ ይመጣበታል፤ ገንዘብ ከፋዩ አንዱን ለማስተናገድ በአማካይ 3 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በሰዓት 20 ሰው ማለት ነው። አቅሙ ከሚመጣው ሰው ስለሚበልጥ ወረፋ የማይኖር ይመስላል። በተለመደው የወረፋ ቀመር የመጪውን ብዛት፣ የአገልግሎቱ ፍጥነት ከሁለቱ ልዩነት ጋር ተባዝቶ ለሚገኘው ስናካፍል 18 ለ40 ይሆናል፤ 0.45 ሰዓት፣ 27 ደቂቃ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። አሁን ቅጹ ቀደም ብሎ በወረፋው ላይ እንዲሞላ ተደርጎ አገልግሎቱ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢወርድ የሰዓቱ አቅም 24 ይሆናል። 18 ለ144፣ ማለትም 7 ደቂቃ ተኩል። በአንድ ሰው ላይ ግማሽ ደቂቃ መቆጠብ ወረፋውን ከ27 ደቂቃ ወደ 7 ተኩል አወረደው። ይህን ያልተማረ የቅርንጫፍ ኃላፊ «ሠራተኛ ይጨመርልኝ» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል፤ የተማረው ቅጹን ያያል።

እዚህም የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። በደመወዝ ቀን በሰዓት 22 ሰው ሲመጣ ቀመሩ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይሰጣል፤ ተማሪውም «የመጠበቂያ ጊዜው ሲቀነስ 33 ደቂቃ» ብሎ ጽፎ ወረቀቱን ያስረክባል። ቀመሩ የሚሠራው አገልግሎቱ ከሚመጣው ሰው ሲፈጥን ብቻ ነው፤ 22 ሰው ለ20 ሰው አቅም ሲመጣ ወረፋው እየረዘመ ነው የሚሄደው፣ ለዚያ ቀን ሁለተኛ መስኮት መክፈት ግድ ነው። ይህን ልዩነት የሚያይ ተማሪ ቀመሩ ገብቶታል። ፈተናችን ላይ ግን የምንጠይቀው ብዙ ጊዜ የወረፋ ቲዎሪን ትርጓሜ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው።

ፋይናንሺያል ማኔጅመንትን በባዕድ አገር ኩባንያዎች ምሳሌ ብቻ የማስተማር ምክንያትም አልቋል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር፤ ከድርጅቱ 10 በመቶ ድርሻ ነው። ተማሪው በክፍል ውስጥ የሚሠራው ስሌት ወዲያው ይታያል፤ 30 ቢሊዮን ብር የአንድ አሥረኛ ዋጋ ከሆነ መላ ድርጅቱ 300 ቢሊዮን ተገምቷል ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግምቱ ከዓመታዊ ትርፉ ስንት እጥፍ ነው የሚለው ነው፤ የአክሲዮን ሽያጭ መግለጫው ውስጥ ያለውን ትርፍ አውጥቶ ማካፈል የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ትንሹ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር፤ በመጨረሻ የተሸጠው ከቀረበው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ሆነ። ለምን? የዋጋው ነገር ነው፣ የሕዝቡ የቁጠባ አቅም ነው፣ ወይስ አክሲዮኑን መልሶ የሚሸጥበት ገበያ ገና ባለመከፈቱ ነው? የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተመረቀው ከዚያ በኋላ፣ ጥር 2017 ላይ ነው። በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ የሁለት ሳምንት ክፍለ ጊዜ መምራት ይቻላል፤ ተማሪውም ቤተሰቡ የጠየቀውን ጥያቄ ይመልሳል።

ስለ ተግባር ልምምድ የምንለው አጭር ነው፤ በአብዛኛው ይባክናል። ተማሪው ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፣ ደብዳቤ ሲያመላልስ ይከርማል፣ ማኅተም የተመታበት የግምገማ ቅጽ ይዞ ይመለሳል። አስተናጋጁ መሥሪያ ቤት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ተማሪው ምን ማየት እንዳለበት ማንም አልነገረውም። አንድ የግዥ ፋይል ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብ ቢጠየቅ ይበቃው ነበር። የግዥ መጠየቂያው፣ የተሰበሰቡት ፕሮፎርማዎች፣ የዋጋ ማነጻጸሪያው፣ የግዥ ትዕዛዙ፣ ዕቃው ሲገባ የተቆረጠው ሞዴል 19፣ ክፍሉ ዕቃውን የጠየቀበት ሞዴል 20፣ ያወጣበት ሞዴል 22፣ ከዚያም የመጋዘኑ ቢን ካርድና የሒሳብ ክፍሉ ስቶክ ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያዎቹ)። ቀኖቹን በተርታ ይጻፍ። ሞዴል 19 የተቆረጠበት ቀን ከዕቃ ጥራት ምርመራው ቃለ ጉባኤ ቀድሞ ከተገኘ ችግሩን አገኘው፤ ዕቃው ሳይመረመር ገቢ ሆኗል፤ ጉድለት ቢገኝ አቅራቢውን የሚይዝበት ነገር የለም። ቢን ካርዱ ላይ የወሩ ወጪ በሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ተሞልቶ ካገኘም በወሩ መጨረሻ ለቆጠራ ሲባል የተሞላ መሆኑን ይጠርጥር። የቁሳቁስ አስተዳደር ኮርስ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የሚያስተምረውን ይህ ፋይል በሦስት ቀን ያሳያል።

የመመረቂያ ጥናቱም እንዲሁ መታረም ያለበት ነው። ርዕሶቹን በየዓመቱ የሚያነብ ሰው ያውቃቸዋል፤ «የማበረታቻ ተጽዕኖ በሠራተኛ አፈጻጸም ላይ፣ በእገሌ ባንክ በእገሌ ቅርንጫፍ»። ከአምስት ምርጫ አንዱ ላይ ራይት የሚደረግበት መጠይቅ ይበተናል። 120 ሠራተኛ ላለው መሥሪያ ቤት የናሙና መጠን የሚወስነው የያማኔ ቀመር ይጠራና 120 ለ1.3 ተካፍሎ 92 ናሙና ይወጣል፤ ለቀሩት 28 ሰዎች መጠይቁን ማደል የግማሽ ቀን ሥራ ሆኖ ሳለ። ትንሽ ሕዝብ ሲሆን ሁሉንም መጠየቅ ነው የሚሻለው፤ ቀመሩ ግን ስላለ ብቻ ይገባል። ከዚያ የራሱን አፈጻጸም ራሱ የገመገመ ሠራተኛ መልስ ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል፤ በአንድ ጊዜ ከተሰበሰበ መልስ ላይ ዝምድና ይገኝና «ተጽዕኖ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ዓይነቱ ጥናት ርዕሱን ብቻ ቀይሮ ለመቅዳትም፣ ካምፓስ በር ላይ በገንዘብ ለማስጻፍም የተመቸ ነው፤ መጠይቁ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎም ሊሞላ ይችላልና።

እኛ የምንመክረው ከመዝገብ የሚነሣ ጥናት ነው። የአንድ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የ12 ወር የስኳርና የዘይት ገቢና ወጪ፣ ስንት ቀን መደርደሪያው ባዶ እንደነበረ፣ ትዕዛዝ ከተላከ በስንት ቀን እንደደረሰ። ወይም የአንድ ዳቦ ቤት የቀን ዱቄት ፍጆታና የተመለሰ ዳቦ። እንዲህ ያለውን ጥናት ከሌላ መቅዳት አይቻልም፣ ቁጥሩ የዚያ ቤት ብቻ ነው፤ ሥራ ቀጣሪም ሊያነበው ይወዳል። አማካሪው መምህር ደግሞ ጥሬ መዝገቡን በኤክሴል አስቀድሞ ይቀበል፤ ምዕራፍ አንድን ከማረሙ በፊት።

ስለ መውጫ ፈተናው ብዙ ተብሏል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ፈተናው መኖሩን እንደግፋለን። ነገር ግን መቶውም ጥያቄ ምርጫ ስለሆነ፣ ተማሪው የመጨረሻውን ሴሚስተር በቴሌግራም የሚዞሩ የአለፉ ጥያቄዎችን በማጥናት ያሳልፈዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ መልሳቸው የተሳሳተ ብዙ ናቸው። ጥያቄውን መልሱ ሳይታይ መሥራት፣ ስሌት ያለበትን ደግሞ በወረቀት ላይ እስከ ጫፍ ማድረስ፣ የተገኘው መልስ ከተሰጠው ጋር ካልገጠመ ማስታወሻን ገልጦ ማጣራት፤ ከዚህ የተለየ አቋራጭ የለውም።

ወደ ስፋቱ እንመለስ። አካውንቲንግ የተማረ ልጅ ሒሳብ ክፍል ይገባል፣ ሎጂስቲክስ የተማረ መጋዘንና ትራንስፖርት ይገባል። ማኔጅመንት የተማረ ወደ ሁሉም ሊገባ ይችላል፤ የሥራ ማስታወቂያዎችን ያየ ሰው «ማኔጅመንት ወይም ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የሚለውን በሰው ሀብት፣ በግዥ፣ በንብረት፣ በገበያ ጥናትና በባንክ ጀማሪ ሠራተኛ ማስታወቂያ ላይ ሁሉ ያገኘዋል። ችግሩ በሩ ሰፊ ስለሆነ ወረፋውም ረጅም መሆኑ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከሁለተኛ ዓመት ማብቂያ በፊት አንድ ወገን ይያዝ። ወደ ሰው ሀብት የሚያደላ ከሆነ አዋጅ 1156ን ከአንቀጽ አንቀጽ ያንብብ፤ ፔሮልን በኤክሴል ራሱ ገንብቶ የግብር እርከኑን ቀመር ያስገባ። ወደ ግዥና ንብረት ከሆነ ከላይ የጠቀስነውን ፋይል ይከተል። ወደ ፋይናንስ ከሆነ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ የአንድ ትንሽ ሱቅ የሦስት ወር ግብይት መዝግቦ ሚዛኑን ያስማማ፤ ካልተስማማለት ልዩነቱን ለ2 ያካፍለው፣ የተገኘው ቁጥር ከመዝገቡ ውስጥ ካለ በተሳሳተ ወገን የተጻፈ ግብይት አለ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ ደግሞ 540ን 450 ብሎ እንደመጻፍ ያለ የአኃዝ መገለባበጥ ይፈልግ። ወገን መያዙ ከሌሎቹ አይለየውም፤ የመመረቂያ ጥናቱ፣ ልምምዱና ትርፍ ጊዜው በአንድ አቅጣጫ እንዲሄዱ ነው።

በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ትምህርት ቤት፣ በኋላ ኮሜርስ የተባለው፣ ስሙን ያገኘው ተመራቂዎቹ መዝገብ መያዝና ጽሕፈት መሥራት ስለሚችሉ ነበር። ዲግሪው ሲስፋፋ የእጅ ሙያው ወደ ቴክኒክና ሙያ ተላከ፣ ዲግሪው ለንግግር ብቻ ቀረ። መለያየታቸውን ስህተት ነው እንላለን፤ ሒሳብ መዝገብ ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሒሳብ ክፍልን ሊመራ አይችልም።

ለቀጣሪዎች አንድ ጥያቄ አለን። ለጀማሪ ሠራተኞች በምታወጡት የጽሑፍ ፈተና ላይ «ማኔጅመንትን ተርጉም» የሚለውን ጥያቄ አውጡትና በምትኩ ስማቸው የተሰረዘ የአምስት ሠራተኞች ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመቅረት ዝርዝር ስጡ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፔሮሉን ሠርቶ ያምጣ። ፈተናችሁ ከተለወጠ በአንድ ዓመት ውስጥ የክፍላችን ፈተናም ይለወጣል፤ ተማሪው ቀጣሪ የሚጠይቀውን አስተምሩን ብሎ መምህሩን ያስገድደዋልና።

ከአክብሮት ጋር
ሁለት የማኔጅመንት መምህራን
አዲስ አበባ